ብርጭቆ በብርጭቆ

ከግቤ ግድብ ላይ በአይሱዙ ተጭና
ቦሳ ቂጦ ገባች፣ ገርጥታ፣ መንምና።

«ጎርፉ መቼ ነው ኑህ?» ይላል ጣሃ ስቆ፣
በአጥሩ ቀዳዳ አንገቱን አሾልቆ።

ብርጭቆ ናት ይላሉ፤ ብርጭቆ ወረቀት ይዤ እፍቃታለሁ፣
ብናኙ እንደ ሳማ ክንዴን ለብልቦት ሌሊቱን አካለሁ።

ሬዚኑ አልደርቅ አለ። የጅማ ዝናብ መች ፋታ ይሰጣል?
ጠዋት የቀባሁት፣ ማታ ስነካው፣
እንደ ማር ጣቴን ተከትሎ ይመጣል።

ሰዓዳ ናት ታዲያ፦ «ሸራውን አንሳላት፤
ውሃ የምታስገባ ውሃ አትይዝምና፣ ዝናቡ ይሙላት።»

ሞላት።
ልጄ ፉአድ ከሆዷ ሥር ገብቶ፣
የሚንጠባጠበውን በከሰል ከበበ፣ አንድ በአንድ አይቶ።
ሰባት ክብ።

ሰባቱን ደፈንኩ። ነሐሴ ሌሊቱን ሲያወርደው አደረ፤
አንዲት ጠብታ አልሾለከች፣ ውሃው እስከ አፏ ነበረ፤
ከሥሯ አንድ አውራ ዶሮ
በደረቅ አፈር ይታጠባል፣ ክንፉን ዘርግቶ እየጫረ።

ጣሃ በአጥሩ ብቅ አለ። ብዙ ቆየ። አልሳቀም።
«ዓሣ ብንለቅባትስ?» አለ፤ «ግቤ ድረስ ማን ይደክም?»