ከባድ ሚዛን

አጣናውን ቀድሞ የመዘነው ሰው፣
ቅዳሜ ገበያ ኑግ ሻጭ ነጋዴ ነው።
ጫማውን አውልቆ ሚዛኑ ላይ ወጣ፣
ድንጋይ ተጨመረ፣ ሌላ ድንጋይ መጣ፤
“መቶ ሁለት ኪሎ!” አለ ነጋዴው፣ እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ፣
“ግዴለም ይበጠር፣ ይቀንስ ይሆናል ገለባው ተራግፎ ሄዶ።”
ሳቅን ያየነው ሁሉ። እሱ ግን አልሳቀም፤
ቁጥሩን ከመዳፉ በእስክርቢቶ ጻፈ፣ ሦስት ቀን አልታጠበም።

እኔ ባልዲ ያዥ ነኝ። ፎጣና ስፖንጁን፣ ውሃና ቫዝሊኑን
የምሸከም እኔ፣ የማብስም እኔ የግንባሩን ላቡን።
አሰልጣኙ ደግሞ ባሻ ይርሳው ነበር፣
አዘዞ ካምፕ የኖረ የድሮ ወታደር፤
አንዱ ጆሮው ደንቁሮ፣ በቀረው አንድ ጆሮ
ደወል ብቻ ሰሚ፣ የሰው ቃል አባሮ።
ከአናጺዎች ደጃፍ ሰጋቱራ ለምነን፣
ከቀሃ ወንዝ ዳር አሸዋ ተሸክመን፣
ጆንያ ሞላንለት፤
የቀበሌው አዳራሽ ወራጁ እስኪያቃስት ወረደበት።

ግን ማን ይግጠመው?
ቀላል ሚዛን ሞልቷል፣ እንደ ሸንበቆ ቀጭን፤
ደብረ ታቦር ላክን፣ ደሴ ደወልን፣ ባሕር ዳር ጻፍን።
“ስልሳ አምስት ኪሎ አለን” አሉን ካሉበት፣
“ከዚያ በላይ ላለው ማን ቀለብ ሰፍሮለት!”
ሰባት ጊዜ ገባ፣ ሰባት ጊዜ ብቻውን ቆመ፤
ዳኛው እጁን ያዘ፣ ወደ ላይ አነሣ፣ “በፎርፌ!” ተባለ፣ ማኅተሙ ታተመ።
ላብ ያልነካው ፎጣ ወደ ቦርሳው ገባ እንደተጣጠፈ።
ሰባት ሜዳልያ፤ ግን አንድም ቡጢ አላረፈ።
“ማንን መትተህ ነው?” ትላለች እናቱ።
“ማንንም።” “ተመስገን!”
ወርቁን ከሙዳይዋ ትጥላለች፣ ከቁልፍ፣ ከመርፌ፣ ከዕድር ወረቀቱ።

በስምንተኛው ዓመት አዲስ አበባ ሄድን፣
ሁለት ቀን በአውቶቡስ፣ ደጀን አድረን።
ኦርዶፋ ይባላል፣ የጦሩ ክለብ ልጅ፣ መቶ ስድስት ኪሎ።
የመጀመሪያዋን ቡጢ አገጩ ላይ ቀመሳት፤
ጥግ መጥቶ ተቀመጠ፣ ጥርሱ ደም አዝሎ፣
“ሰው መጣልኝ” አለኝ፣ “ሰው መጣልኝ!” ብሎ።

በሦስተኛው ዙር ግራ ዐይኑ ተዘጋ።
“ወርውር!” አለ ባሻ፣ “ፎጣውን ወርውር!”
ሰማሁ። አዎ፣ ሰማሁት።
ስምንት ዓመት ጠብቆ የመጣለትን ሰው እንዴት ልንጠቅበት?
ፎጣውን ጨበጥሁት።
ደወሉ እስኪደወል አንድ ደቂቃ ነው፤
ለአንድ ዐይን መጥፊያ ግን የተትረፈረፈ ነው።

ዛሬ ሳሙና በር ወፍጮ ቤት ነው ያለ፤
ቀኝ ዐይኑም ውሎ አድሮ ግራውን ተከተለ።
ቁጥር አያነብም። ጆንያውን ያቅፍና
“አርባ ሦስት ኪሎ፣ ሩብ ጎደል” ይላል፣
ብረቱ ዘግይቶ ኋላ ይመሰክራል፤
ገበሬው ሚዛኑን ትቶ በሱ ክንድ ይምላል።

ትናንት ማሽላ ይዤ ተራ ጠበቅሁ።
የጆንያውን አፍ፣ ሳላስብ ይሁን አስቤ፣
በዚያ ፎጣ ሸፍኜዋለሁ።
አቀፈው። ቆየ። ጣቱ ጨርቁን ዳሰሰ፣
ጫፉ ላይ ያለችውን የክር ስፌት ደረሰ።
“ስንት ነው?” አልሁት።
ፎጣውን አነሣ፣ ትከሻዬ ላይ ጣለው፤
“እሱ ይቀነስና” አለ፣ “ሃያ ስምንት ነው።”