የከረጢቱ ታች

ጎንደር፣ አውቶፓርኮ፣ ከጎማ ቤቱ ሥር፣
ምልክት የሌለው አንድ ሰማያዊ በር።
የተቀጠርኩ ዕለት ያየሁትን ሁሉ
«መኮሮኒ» ብዬ ብጠራው በሙሉ፣
እትዬ አንጓች ሳቀች፣ ጭልፋዋን አቁማ፤
«ስም አለው» አለችኝ፣ «ስማ፣ ልጄ፣ ስማ።

ይኸኛው ቀጥ ያለው ስፓጌቲ ይባላል፤
ሹካ የፈራ ሰው በእንጀራ ይበላል።
ፔኔ እንደ መቃ ነው፣ ጫፉ የተሳለ፣
ስጎ በሆዱ ውስጥ እንደ ሐሜት ያለ።
ብሎን የመሰለው ፉሲሊ ይሰኛል፤
የጎማ ቤቱ ልጅ ‹መፍቻ አለኝ› ይለኛል።
ቢራቢሮ ቅርጹ ለልጆች ልደት ነው፤
ዛጎሉ በጾም ቀን ምስር የሚያቅፈው።
ኮከቡ ለሾርባ፣ ለታመመ ሰው አፍ፤
ላዛኛ አንሶላ ነው፣ ሲኖር የሚነጠፍ።»

እሷም የተማረች ከሆቴሉ ጓዳ፣
ሰሐን አጥቢ ሳለች፣ አይታ በቀዳዳ።
ጣልያን ለፒያሳ ሕንጻ ትቶ ሄደ፤
ስሙ እኛ ጋ ቀርቶ በርበሬ ለመደ።

«ዱቄቱ አንድ ከሆነ ምን ለያየው?» ብላት፣
«አንተና ወንድምህስ?» አለችኝ፤ ዝም አልኳት።

መንገድ ተዘጋና ሳምንት፣ ሁለት ሞላ፤
የጫነው አይሱዙ ቀረ ከአዘዞ ኋላ።
ወንድሜም እዚያው ነው፣ ከረዳቶች አንዱ፤
ስልኩማ አይጠራም፣ ዝም ብሏል መንገዱ።

ከየከረጢቱ ታቹን አራገፈች፣
ስባሪ፣ ትራፊ በሰፌድ አቀፈች።
«ልጨምር ባንዴ?» ስል እጄን መታችና፣
«ሁሉም ሰዓት አለው፣ ቆይ፣ አትቸኩል ገና!»
ወፍራሙን አስቀድማ፣ ፔኔን ከዛጎሉ፣
ቀጥሎ ብሎኑን፣ ቢራቢሮን ሁሉ፤
ስባሪው ስፓጌቲ ጥቂት ብቻ ለፋ፤
ኮከብ መጨረሻ፣
እሳቱ ሲጠፋ።

የቆሙ ሹፌሮች መጡ በየተራ፤
በአንድ ማንኪያ ዛጎል፣ ብሎን፣ የኮከብ ጭራ።
«ስሙ ማነው?» አሉ ባሻ ጓንጉል ቀምሰው፤
ያቺ ስም አዋቂ ዝም ብላ በሩን አየችው።
«‹እስኪከፈት› በሉት» አለች፤ «በሉ፣ ብሉት።»
ሌላ ሳይጠይቁ ዝም ብለው በሉት።

አንድ ሳህን ደግሞ ከድና አስቀመጠቻት፤
ከምድጃው ጎን ናት።
የማን ናት? አላልኳት።