ሰባት ንጹሐን

ሃያ ስምንት ዓመት፣ ሞክፖ ወደብ ላይ፣
ጎህ ሳይቀድ በፊት፣ ሳይገለጥ ሰማይ፣
ሐራጅ የጮኽኩት በዚሁ ጉሮሮ፣
የሞተሩን ጩኸት፣ የባሕሩን ሰብሮ።
ገዢዎች ዝም ናቸው፤ በኮታቸው ጉያ
ጣት ነው የሚቀስሩት፣ የዋጋ መለያ።

መጋቢት ላይ ታዲያ፣ ጢሜን ስላጭ ማታ፣
አንዲት ጠጠር ነገር፣ ከማንቁርቴ ተርታ።
መርፌ ገባባትና ስሟን ነገሩኝ፤
ካንሰር።
ሚስቴ ሱልሄ ምንም አላለችም፤
ምላጬን አጥባ ሰቀለች፤ ወደኔ አላየችም።

ዶክተር ቶ ወረቀት ላይ አንገቴን ሣለች፤
ቢራቢሮ መሳይ እጢ። «ይቺ ትወጣለች።
ከሥሯ ያሉት ግን፣ ንፍፊቶቹ፣» አለች፣
«በአልትራሳውንዱ አይታይም ነገር፤
ዓይን የማይደርስበት ግን አይጠፋም ከሥር።
አንዳንዱ ‹ይነሱ› ይላል፣ ሳይቃጠል በቅጠል፤
አንዳንዱ ‹ይቆዩ› ይላል፤
የድምፅህ ነርቭ እዚያው ናት፣ ከክር የቀጠነች፣
ቢላ ሲቀርባት የምትደነግጥ ነች።»
«አንቺስ?» አልኳት።
እርሳሷን አስቀመጠች። «ጥናቱ አልተስማማም።
እኔም ሌሊት ስነቃ ከራሴ አልስማማም።»
ከአንገት በላይ ሐኪም ናት፤
የነገረችኝ ግን ከአንጀቷ ነበር።

ዕድሜዬን በሙሉ፣ በበረዶ ታሽጎ
ውስጡ ያልታየ ሣጥን የሸጥኩ አዋድጄ፣
ዛሬ ተራው ደርሶኝ፣ ላልታየው ዕቃ
ድምፄን አስያዝኩ በገዛ እጄ።
«ይነሱ፣» አልኩ።
ለምን እንዳልኩ ዛሬም አላውቀውም።

ስነቃ ጣቶቼን ጉንዳን ይወራቸዋል፤
«ካልሲየም ነው፣» አሉኝ፣ «ኪኒን ይበቃዋል።»
ድምፄ የዛገ በር፣
ውሃ ለመጠየቅ እንኳ ሁለቴ የሚሞከር።

በዘጠነኛው ቀን ውጤቱ መጣልኝ፤
«ሰባት አውጥተናል፣» ብላ አነበበችልኝ፤
«ሰባቱም ንጹሐን።»
ደስ ይበለኝ? ላልቅስ?
ሰባት ዘበኞቼ፣ ያለ ጥፋታቸው፣
በጥርጣሬ ብቻ ፈረድኩባቸው።
ባይነሱ ኖሮስ፣ ማን ያውቅ ነበረ
ንጹሕ መሆናቸውን?
ነገሩ ይኸው ነው። ሌሊቱን የሚያስረዝመው።

ዛሬ ተመልሼ ከሣጥኖቹ መሐል፣
ሹክሹክታ በመሰለ ድምፅ ዋጋ ስጠራ፣
ገዢዎቹ አንድ እርምጃ ወደኔ ቀረቡ፤
አንዱ ጀልባ ሞተሩን አጠፋ። አመሰገንኩት ልል ነበር፣ አሳለኝ።

ስንመለስ ሱልሄ፣ «ይቆጭሃል?» አለች።
እጄን ኮቴ ውስጥ አግብቼ ጣት ቀሰርኩላት፤
ስንቱን እንደቀሰርኩ
እኔም አልቆጠርኩት።