አሥራ ሁለተኛዋ

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ፣
የከሰል ቆፋሪዎች በነበረው አዳራሽ፣
ላኔሊ፣ ዌልስ ውስጥ፣ ጣሪያው እያፈሰ፣
ሦስት ቁልፉ የሞተ ፒያኖ እመታለሁ፤
ኔስታ ትቆጥራለች።
«አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት!»
ለምን ከአንድ አትጀምሪም? ብዬ ጠየቅኋት።
«አንድማ የእነሱ ነው» አለች፤
«እኔ እስከ ደጁ ነው የምሸኛቸው።»

ሃያ ሁለት ዓመት ለንደን ላይ ጨፈረች፤
ጨፈረች አልሁ እንጂ፣ ይበልጡን ጠበቀች።
በሙዚቃ ቲያትር ሥራዋ መተካት፤
አንዱ ሲያስለው መግባት፣ ሲሻለው መውጣት።
የአሥራ አንድ ሰው እርምጃ በአንድ ገላ ይዛ፣
በሰው ጫማ ገብታ፣ ጫፉን በጥጥ ደፍና።
የመድረኩ ጠርዝ ላይ ቁጥር ተጽፏል፤
መሀሉ ዜሮ ነው፣ ግራና ቀኙ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት፤
ማን የት እንደሚቆም
የሁሉን ታውቃለች፤ የራሷ ግን የለም።

ሰኞ የመርከበኛ ሚስት፣ ሐሙስ ፖሊስ፣
ቅዳሜ በቀን ፋኖስ ለኳሽ፣ ማታ ሦስተኛዋ ሚዜ፣
የሰው ላብ በደረቀበት የሰው ቀሚስ።
ደግሞ አንድ ምሽት ሁለት ሰው ታመመ፤
በግራ በኩል ገባች፣ እጇን ዘረጋች፤
ያን እጅ ሊቀበል የሚገባው እጅ
የራሷው ነበር።

እናቷ አራት ጊዜ በባቡር ሄደች ልታያት፤
አራቱንም ምሽት ሰው ሁሉ ደህና ሆነ።

«ዕድሜሽን ስትቆጥሪ፣ ሳትቆጠሪ ቀረሽ»
አልኋት አንድ ቀን፣ ብልህ የሆንሁ መስሎኝ።
ሳቀች። «ደመወዜን ቆጥረውልኛል» አለች፣
«ያውም ሳይጎድል።»

ዳሌዋ የከዳት መድረክ ላይ አይደለም፤
ደረጃ ላይ ነው፣ የወተት ጠርሙስ ይዛ።
ሐኪሙ ብረት ከተተላት። አገሯ ተመለሰች፤
በጥብስ ዓሣ ሱቁ መስኮት ወረቀት ለጠፈች፦
«ዳንስ አስተምራለሁ። የጫማ ዓይነት አልመርጥም።»
አምስት ልጆች መጡ፤ ሁለቱ ዝናብ ሸሽተው፣
ኤልዊን የሚባለው የራግቢ ካልሲውን እንዳጠለቀ።
መስታወት የለንም፤ መስታወቱ እሷ ናት፤
ፊታቸው ትቆማለች፣ «ቀኝ!» ትላለች፣ ግራዋን አንሥታ።
የራስን ግራ ለሰው ቀኝ ማድረግ፦
ሃያ ሁለት ዓመት የተማረችው ለካ ይህንን ኖሯል።

ማንም ሳይነግራት ታውቃለች፣
ኬሪስ ስትዞር ትንፋሿን እንደምትይዝ፣
ኤልዊን ስድስት ላይ እንደሚፈራ፤
አሥራ አንድ ሰው ሆና የኖረች
አንድ ልጅ መሆን አያቅታትም።

ሐምሌ መጣ። ልጆቹ አሥራ ሁለት ሆነዋል።
ትርዒቱ ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው
ኬሪስ ጉድፍ ወጣባት ተባለ።
ዐይን ሁሉ ወደ ኔስታ ዞረ። እኔም አየኋት፤
ብረቱ ዳሌ ከወንበር ሲነሣ፣ እጇ ጫማዋን ሲፈልግ፣
እግሯ ከእሷ ቀድሞ ቦታውን ሲለካ።
ከዚያ ቆመች።
ጠመኔ አነሣች፤ ወለሉ ላይ ክብ አሰመረች።
«ይህ የኬሪስ ነው። ማንም አይሙላው።
እጅ የምትሰጧት ጋ ስትደርሱ፣ እጅ ስጧት።»

አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት።
አሥራ አንድ ልጅ ዞረ፤ ባዶውም አብሮ ዞረ፤
ኤልዊን አየር ጨብጦ፣ አዙሮ፣ መለሳት፤
ከኋላ ወንበር ላይ የኬሪስ አባት
ቆቡን አወለቀ።
ቆጠርሁ፦ አሥራ ሁለት።

እኔም ሌላ ጊዜ ዘልዬ የማልፋቸውን
ሦስት የሞቱ ቁልፎች
ያን ምሽት፣ በየተራቸው፣ መታኋቸው።