የትኛው «እኛ»

ከሁለቱ ወንበር ኋላ፣ በርጩማ ነው የኔ ድርሻ፤
ውሃ አይቀዳልኝም፣ ከፎቶውም ጠርዝ ውጭ ነኝ፣ ከመነሻ እስከ መድረሻ።
ሃያ ሦስት ዓመት በኮሎምቦ አፌን አከራይቼ፣
ስንቱን ቁጣ አብርጄ፣ ስንቱን ዛቻ ምስጋና አስመስዬ አውጥቼ፣
ከታሚል ወደ ሲንሃላ ቃል ሳመላልስ ስኖር፣
አንዲት «እኛ» ናት ያነቀችኝ፤ እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ውስጥ የምትዞር።

ወይዘሮ አሮኪያሜሪ ከራሜስዋራም መጣች፣
የሕንድ ፓርላማ አባል ናት፤ ከዴልሂ ግን አልተላከች።
ቦርሳዋ ውስጥ ደብዳቤ የለም፤ የአሥራ አንድ አጥማጅ ፎቶ፣
ከእያንዳንዱ ጀርባ ስም፣ በሚስቶች እጅ ተጽፎ፤
አንዱን፣ ልጁ ነው መሰል፣ በእርሳስ ጢም አብቅሎለት።
ሰዎቹ ጃፍና እስር ቤት፣ ጀልባቸው ወደብ ላይ በሰንሰለት፤
የፓልክን ወሽመጥ በሌሊት ተሻግረው ሲያጠምዱ ተይዘው
አርባ ቀን ሆኗቸዋል።

የኤምባሲያቸው ጸሐፊ ደረጃው ላይ ጠብቆ፣
«ይህ የርስዎ ሥራ አይደለም» አላት፣ ድምፁን ደብቆ።
«አገር አንድ አፍ ነው ያለው፤
የተመረጠ ሁሉ ከተደራደረ፣ ነገ ቃላችንን ማን ሊያምነው?»
እሷም፦ «ያ አፍ አርባ ቀን ተዘግቶ ዋለ፤
ሎርዱ ሜሪ ከነሕፃኗ ደጄ ስታድር የት ነበረ? ምን አለ?
ሕግ አውጪ ነኝ፣ ባልሽ አይመለከተኝም ልበላት?»
ጸሐፊው መልስ አላገኘም።
ይዘንብ ነበርና ጃንጥላውን ሰጣት።

እኔ አልፈረድኩም። የሚከፈለኝ በሰዓት ነው።

መሪው በእጁ ሻይ ቀዳላት፤ ማንኪያው እንኳ ድምፅ የለው፤
«በማን ስም ነው የመጡት?» አላት፤ ገራም ነው አጠያየቁ፣ ላይ ላዩን ለሚሰማው።
ትንፋሿን ሰብሰብ አድርጋ፦ «ልጆቻችንን ይፍቱልን፤
የባሕር ወለል የሚጠርገውን መረብ፣ እኛ እናቆማለን።»

በታሚል «እኛ» ሁለት ነው።
«ናም» ሲሉ፣ ሰሚው እልፍኝ ገብቶ አብሮ ተቀመጠ፤
«ናንጋል» ሲሉ፣ እሱ ደጅ ቀረ፤ የውስጡም ሰው ቁጥር አልተገለጠ።
እሷ «ናንጋል» አለች። ውስጥ ማን አለ?
ዴልሂ? የመርከቦቹ ባለሀብቶች? ወይስ እሷና ፎቶዎቿ ብቻ?
መጠየቅ ነበረብኝ።
የሲንሃላው ግን አንድ ነው፤ «አፒ» ብዬ አለፍኩ።
መሪው መንግሥት ሰማ፤ ተነሣ፣ ጨበጣት፤
እኔም ሂሳቤን ተቀብዬ ወጣሁ።

ዓርብ ተፈቱ። ርችት ተተኮሰ፣ አንገቷ በጃስሚን ጉንጉን ተሸፈነ፤
ሰኞ ዴልሂ በሁለት መስመር፦ «መንግሥት የገባው ቃል የለም» አለ፤ ነገሩም ተከደነ።
ሰኔ ላይ፣ የማጥመጃው ወራት ሲከፈት፣
መርከቦቹ መጡ፤ መብራት አጥፍተው፣ በሌሊት።

ታምቢራጃ የጃፍና ሰው ነው። የተበጣጠሰ መረቡን
መዝጋቢው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈ፤ አልጌውን፣ ሽታውን፣ ያልተከፈለ ብድሩን።
የሎርዱ ሜሪ ባል ቤቱ ነው፤ ይህንንም አውቃለሁ፤
ሕፃኑ አባቱን ያየው በዚያች ቃል ነው።
ትሂድ ነበር ወይስ አትሂድ ብትሉኝ፣
ጠዋትና ማታ ሌላ ሌላ እመልሳለሁ።

ሽማግሌው ታሚል ነው፤ ቋንቋው የሷው ቋንቋ፤
በመካከላቸው እኔን የሚያሻ ቃል የለም፣ አንድ ሐረግ እንኳ።
ወደኔ ዞሮ፦ «እኛ ስትል፣» አለኝ፣ «እኔ ውስጡ ነበርኩ?
ወይስ ያኔም ደጅ ነበርኩ?»

መዝጋቢው ብዕሩን አንሥቶ፣
«ምን አለ?» ይለኛል በሲንሃላ።

ውሃ ጠየቅሁ።