የላንቃሞ መስመር

ወረቀቷ አጭር ናት፣ ከኦዲት የመጣች፤
«የለቀቀ ሠራተኛ ቁልፉ ይሰረዝ» አለች።
ማኅተም አላት፣ ፊርማ አላት፣ ቀን ተጽፎባታል፤
የሞተ ሰውስ? ብዬ ባገላብጣት፣ እሱም «ለቋል» ተብሏል።

ሌሊት ስድስት ሰዓት፣ ከአላሙራ ግርጌ፣ ከኪራይ ቤቴ፣
ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩ፤ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል በፊቴ።
ሰርቨሩ ፒያሳ ነው፣ ከቁጠባ ማኅበሩ ምድር ቤት፤
የመምህራን ብር፣ የዓሣ አስጋሪ ብር፣ ባንድ ሳጥን ያድራል ጨለማ ተደርቦበት።
አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፍኩ፤ የይለፍ ሐረጌን ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት፤
እዚሁ ላለው ለገዛ ቁልፌ ነው፤ ፒያሳ ላለው በር ምንም ምስጢር አልነገርኩት።

ይኼን ያስተማረኝ ላንቃሞ ነው።

«በአማርኛችሁ» ይል ነበር፣ ጠረጴዛዬ ላይ ተደግፎ በክርኑ፣
«የሸሚዙም ቁልፍ፣ የበሩም ቁልፍ፣ የኪቦርዱም ቁልፍ፤ ስም አለቀባችሁ፣ እውነቱን።
እኔ ልለይልሽ። መንታ ናቸው፣ ባንድ ቅጽበት የተወለዱ፤
አንዱ የአደባባይ ነው፤ ለየበሩ ስጪው፣ ይወቁት፣ ይውሰዱ።
ሌላው ከቤት አይወጣም። ፍላሽ ላይ አይጫንም፣ በቴሌግራም አይላክም፤
ለኔም አታሳዪኝ፤ አለቃሽ ነኝ ብልም፣ ብለምንሽም።»

አንዴ ተሳስቼ፣ ፋይሉን ላየው ሁሉ ክፍት ትቼው፣
ፕሮግራሙ «ይህ ቁልፍ ተጋልጧል» ብሎ እምቢ ሲለኝ ሳቀ፣ ሻይ ትን እስኪለው።
«አየሽ? ማሽን እንኳ የተገለጠ ገመና አይቀበልም» አለ፤
«ስድስት፣ ዜሮ፣ ዜሮ» ብሎ መታ፤ ለባለቤቱ ብቻ ሆኖ ተከለለ።

ጥቅምት ላይ ነው የሄደው።
በሳምንቱ ሚስቱ ዱካሜ በባጃጅ መጣች፣
ላፕቶፑን በማዳበሪያ ከረጢት ይዛ።
«ክፈችልኝ» አለች፤ «የልጆቹ ፎቶ አለበት፣ ድምፁም ይኖራል፤
አንቺ ተማሪው ነሽ፤ ላንቺ ያልነገረ ለማን ይናገራል?»

ሦስት ማታ ሞከርኩ።
የልጆቹን ስም፣ የሞተሩን ታርጋ፣
የተወለደበትን ቀበሌ፣ በላቲን ፊደልም በግዕዝም፣ ከኋላ ወደ ፊትም።
ዲስኩ ዝም።
ዝምታው የሥራው ጥራት ነበር። ጥሩ አድርጎ ቆልፎታል።
እንዳስተማረኝ።

በአራተኛው ቀን ተመለሰች፤ ተቀመጪ እንኳ አላልኳትም፤
«ጎበዝ ነበር» አልኳት፤ ሌላ ቃል አልነበረኝም።
ከረጢቱን ጠቀለለች። «ታዲያ ጎበዝነቱ ለማን ነው?» አለች፤
ባጃጁ እስኪታጠፍ ድረስ ወደ ኋላ አላየች።

አሁን ገብቻለሁ። የተፈቀደላቸው ሰዎች ዝርዝር ይኸው፤
የኔ አንድ መስመር፣ ከበላዩ የሱ፤ ረጅም፣ ትርጉም የሌለው
የፊደል ጫካ። ከጫፉ ላይ ብቻ የሰው ስም፤
«ላንቃሞ፣ ሐዋሳ»፤ ሌላው ለዓይን አይገባም።
በሩ ዛሬም ይጠብቀዋል፤ ቢመጣ ይከፍትለታል፣
የት ቆየህ ሳይለው። ቁልፉ ግን ዱካሜ ቁም ሳጥን፣ ከረጢት ውስጥ ተኝቷል።

የጣሪያው ቆርቆሮ ተንኳኳ፤ አባ ኮዳ ይሆናል።
መሰረዣው ቀላል ነው፤ አንዷን ፊደል ሁለት ጊዜ መምታት።
ጣቴ ከቁልፉ ላይ ነው።
የትኛው ቁልፍ? ያው፤ አማርኛችን።

አልሰረዝኩም። ከመስመሩ ፊት አንዲት አጥር ተከልኩ፤
ሁለት ቋሚ፣ ሁለት አግዳሚ። ማሽኑ አጥር ካየ አያልፍም፤ እኔ ግን ከማዶ ማንበብ ቻልኩ።
ለበሩ፣ ላንቃሞ ዝምታ ሆነ።
ለኦዲተሯ «ተፈጽሟል» ብዬ ጻፍኩ።
ውሸት አይደለም፤ ትንሽ ነው የጎደለው።

ከዚያ ወረቀት ፈልጌ የራሴን ሐረግ ጻፍኩ፣ ለእህቴ።
ቀደድኩት።
ጎህ ሲቀድ፣ ጀልባዎቹ ወደ አሞራ ገደል ሲመለሱ፣
እንደገና ጻፍኩት።
ላንቃሞ ቢያይ ይቆጣል።
ይቆጣ።