አለኝ፣ አለብኝ

መጋቢት ነው። ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ግን ለዘብ ብሏል፤
ኩቤክ ጫካ ውስጥ በረዶው ከላይ ረጥቦ ከስሩ ድንጋይ ሆኗል።
ኦቪላ፣ ሰማንያ ሊሞላው አንድ በረዶ የቀረው፣
የሜፕሉን ግንድ ዳብሶ በመሰርሰሪያ በሳው፤
ቧንቧ ሰክቶ ባልዲ ሰቀለ።
ጠብ።
ዝም።
ጠብ አለ።

ውሃ ነው ትላለህ ብታየው፤ ውሃም ነው፣ አልተሳሳትክም፤
አርባ ባልዲ ካልቀቀሉት አንድ ባልዲ ሽሮፕ አይወጣውም።
ግን ጎንጨት አድርገህ ጠብቅ፤ ምላስህ ሊረሳው ሲል
ያምና ሐምሌ ፀሐይ ትመጣለች፣ እንደማፈር፣ እንደመስለል።

ቅጠሉ ነው ያኖራት፣ ያ ቀልቶ የረገፈው፣
ካርቦኑን ከነፋስ ተበድሮ፣ ውሃውን ከስር መዞ፣ በብርሃን የገመደው፤
ስድስት ካርቦን፣ አሥራ ሁለት ሃይድሮጅን፣ ስድስት ኦክስጅን ቋጥሮ፣
የተረፈውን ለእኛ ተንፍሶ፣ ዋናውን ለግንዱ ገብሮ።

ዛፍ ደግሞ ሞኝ አይደለም፣ ጣፋጭ በሜዳ አያሰጣም፤
ስኳርን ከስኳር ቀጥሎ፣ ረጅም ሰንሰለት ሠርቶ
ስታርች አድርጎ ይቀብረዋል፤ ቢልሱት ምንም አይጥም።
ብርዱ ሲጠና ይፈታዋል፤ ግሉኮስን ከፍሩክቶስ ጋር
ሁለት ሁለቱን አቆራኝቶ ያሰናዳል ለቡቃያው በር።
"ምን አለህ?" ብትለው ዛፉን፣
"አለኝ" ነው የሚልህ። "ለሚያዝያ የሚሆን አለኝ።"

ሶላንዥ፣ የኦቪላ ልጅ፣ ማገዶ ስታነሳ፣ ከቅጠል ስር፣
አንዲት እንቁራሪት አገኘች፤ ደረቅ፣ እንደ ጠጠር።
ዓይኗ ነጭ። ከባልዲው ጠርዝ ብትነካት ቀጭ አለች።
ልብ የለ፣ ትንፋሽ የለ። "አባዬ፣ ሞታለች።"
"ተያት" አለ ኦቪላ፤ "መስኮቱ ደፍ ላይ አኑሪያት።
እኔ በየዓመቱ እቀብራታለሁ፤
እሷ በየዓመቱ ትታዘበኛለች።"

ነገሩ እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው ውርጭ ቆዳዋን በነካ ቅጽበት
ጎተራውን ወለል አድርጎ ይከፍታል የዚች ፍጥረት ጉበት፤
ግሉኮስ በደሟ ይጎርፋል፣ ሰው ላይ ቢሆን የሚገድል፤
በህዋስና በህዋስ መሃል በረዶው እንዳሻው ቢውል፣
ህዋሷ ውስጥ ግን ሽሮፕ ነው፤ ስለት የማይገባው።
ልቧን አቁማ፣ ጣፋጭ ሆና፣ ትከርማለች ወራቱን ሁሉ።
እሷም "አለኝ" ነው የምትል፣ አፏ ባይታሰር።

ሲመሽ ድስቱ ይንተከተካል፤ ጎጆው በእንፋሎት ታፍኗል።
ኦቪላ አይቀምስም። ካቆመ ሃያ ዓመት አልፎታል።
ጭልፋውን አንስቶ ያዘነብላል፤ ፈሳሹ እንደ ሻሽ ሲዘረጋ
"በቃ፣ አውርጂው" ይላታል።
ከዚያ ጥግ ይዞ፣ ጣቱን በመርፌ ይወጋል።
ጠብ።
ትንሿ መሣሪያ ታስባለች፤ ቆየች፤
አሥራ አራት አለች።

እኛ ቆሽቴ አረረ የምንል ስንቆጣ ነው፤
የሱ ቆሽት ያረረው ግን ድምፅ ሳያሰማ ነው።
ደሙ ስኳር ተሸክሞ ከህዋሱ ደጅ ያድራል፤ አስገባኝ ቢል ማን ሰማው?
ዓባይን አይቶ የማያውቅ ሰው፣
እነሆ፣ የዓባይ ልጅ ሆኖ ውሃ ጠማው።

ኦቪላ ሆይ፣ በእኔ ቋንቋ ብትታመም
"ስኳር አለብኝ" ነበር የምትል፣ ልክ እንደ ባለዕዳ።
ዛፉ አለኝ፤ እንቁራሪቷ አለኝ፤
አንተ ብቻ አለብኝ።
ያው ስድስት ካርቦን፣ ያው አሥራ ሁለት ሃይድሮጅን፤
ከመሃል የገባችው አንዲት "ብ" ናት፤
እሷን የሚያወጣ ወረንጦ ግን እስካሁን አላየሁ።

መስኮቱ ደፍ ላይ አንድ ነገር ነቃ አለ። ሶላንዥ መብራት አስጠጋች።
የእንቁራሪቷ ጉሮሮ አንዴ፣ ቆይቶ ደግሞ ሌላ ጊዜ፣ እርግብ አለ፤
ደፉ ላይ ትንሽ ውሃ ተጠራቀመ።
"አላልኩሽም?" አለ ሽማግሌው፤
የተወጋ ጣቱንም አፉ ከትቶ ላሰው።
ጨው ጨው አለው።